ከእህቴ ጋር ለመላቀስ ከጎባ ወደ ካዛንቺስ

አዲስ አበባን ያላየ ሰው ጎባ ውስጥ ሞልቷል፤ ማየት የማይፈልግም አለ። ይህን የምጽፈው ለሁለቱም ነው። ከተመለስኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ሰው ባገኘኝ ቁጥር «እንዴት ነው ከተማው? አምሯል አሉ» ይለኛል፤ «አምሯል» ብዬ አልፋለሁ። ለምን እንደሄድኩ ሁሉም ስለሚያውቅ ከዚያ በላይ የሚጠይቀኝ የለም። ለየሰው አንድ በአንድ ከምናገር አንዴ ጽፌው ይውጣልኝ ብያለሁ።

ለማያውቀኝ፣ ታደለ እባላለሁ፤ ጂኦግራፊ ሳስተምር ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው። በከተማችን የምታወቀው ግን በካርታ ሳይሆን በመርዶ ነው። የአንዷ ጎረቤት ዘመድ ሩቅ አገር ሲሞት ሽማግሌዎቹ ጎህ ሲቀድ ደጄን አንኳኩተው «ቲቸር፣ አንተ ብትነግራት ይሻላል» ይሉኛል። እኔም እነግራለሁ። ከጎኗ ተቀምጬ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ሴቶቹ እጇን እንዲይዙ አስቀድሜ በዐይኔ ጠቅሼ። ሐዘንተኛ ደረቱን ሲመታ፣ ፊቱን ሲነጭ፣ እጁን ይዞ «በቃህ፣ በቃህ» የሚለው ሰው ከአጠገቡ መጥፋት የለበትም። ይህን ሁሉ በማወቄ እኮራ ነበር። ሰው በመርዶ ይኮራል? እኔ እኮራ ነበር።

ባለፈው ዓመት እናታችን ሞተች። በመጨረሻዋ ሳምንት ተኝታ መተንፈስ ስላቃታት ከኋላዋ ተቀምጬ ደረቴ ላይ አስደግፌ እይዛት ነበር፤ እንደተደገፈች ሄደች። ታናሽ እህቴ ጥሩወርቅ ያኔ ካዛንቺስ ነበረች። የሐሞት ጠጠር ቀዶ ጥገና አድርጋ ሁለት ሳምንቷ ነው፤ በዚያ ላይ ሠፈሩ ሊፈርስ ነው ተብሎ ዕቃዋን የምታስርበት ሰሞን ነበር። ለታመመ ሰው መርዶ አይነገርም። ጠና ትበል፣ ቤቷንም ትያዝ፣ ከዚያ እነግራታለሁ ብዬ ወሰንኩ። ታላቅ ነኝና ማንም አልተቃወመኝም።

ችግሩ ጥሩወርቅ በየሁለት ቀኑ ትደውላለች። «እማዬን አገናኘኝ» ስትለኝ «ተኝታለች» እላለሁ። «ጆሮዋ ደክሟል፣ በስልክ አይሰማትም» እላለሁ። «ታዲያ ምን አለችኝ?» ትላለች። በባዶ ላሰናብታት አልሆነልኝም፤ በእናቴ ስም መረቅኋት። «ልጅሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ ብላሻለች» አልኳት። ደስ አላት። በሚቀጥለው ጊዜ ጨመርኩበት። ከዚያ ለእማዬ ጉልበት ብላ በሰው እጅ ቅባት ላከች። «ተሻላት?» ስትለኝ «ትናንት ቤተ ክርስቲያን በእግሯ ሄዳ መጣች» አልኳት። የእናታችንን አርባ አውጥተን ነበር።

በሁለተኛው ወር አንዲት ጎረቤቷ፣ የሰማች መስሏት፣ መንገድ ላይ «እግዜር ያጥናሽ» አለቻት። ጥሩወርቅ የእናቷን ሞት የሰማችው እንዲህ ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ ስልኬን አላነሳችም። እኔም ተነሥቼ መሄድ ሲገባኝ ፊቷን ማየት ፈራሁ። ወንድምና እህት እናታቸው ሞታ አንገት ለአንገት ተያይዘው ሳይላቀሱ፣ እርማቸውን ሳያወጡ ዓመት ሞላ። ሙት ዓመቷ ሲቃረብ ግን አልቻልኩም፤ ትስደበኝ፣ ታባርረኝ፣ ብቻ አልቅሼ ልመለስ ብዬ ተነሣሁ።

ሐሙስ

አውቶቡሱ ጎባን የለቀቀው ገና ሳይነጋ ነው። ወንበሩ ጠባብ፣ እኔ ረጅም፤ ድንሾ ሳንደርስ ጉልበቴ ይጠዘጥዘኝ ጀመር። ይህ ጉልበት ከእናቴ የወረስኩት ነው። እህቴ የላከችው ቅባት ካርቶኑ እንኳ ሳይከፈት ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ ልመልስላት ነው የያዝኩት። ዓመት ሙሉ ጉልበቴ ሲያመኝ አልነካሁትም። የከለከለኝ ሰው የለም፤ «አንተ አይገባህም» ያልኩት እኔ ነኝ።

ድንሾ ላይ ኒያላዎቹ መንገድ ዳር ቆመው አሳለፉን። ዶዶላን፣ አሳሳን አልፈን አሰላ ለምሳ ቆምን። ጥብሱ ደረቅ ነው፣ እንጀራው ግን ከእኛው የተሻለ ነው፤ እውነቱን መናገር ይሻላል። ከፍዬ ስወጣ ባርኔጣዬን ጠረጴዛው ላይ ረሳሁት። አውቶቡሱ ሞተሩን አስነሥቶ ሳለ የምግብ ቤቱ ባለቤት፣ ወፈር ያሉ ሴትዮ፣ እየሮጡ መጥተው መስኮቴን ደበደቡ። «የባሌ ብርድ ያለ ባርኔጣ አይቻልም!» ብለው ወረወሩልኝ። አመሰገንኳቸው። ለራሴ ግን ያልኩት «አንተ ደነዝ፣ ጭንቅላትህንም ትረሳው ነበር» ነው። ያኔ ልብ አላልኩትም፤ ከሰው ጋር ስሆን አፌ ለስላሳ ነው፣ ከራሴ ጋር ስሆን ግን አለንጋ ይዞ የሚዞር የትምህርት ቤት ዩኒት መሪ ነኝ።

አዳማ ሙቀቱ ካፖርቴን አስወለቀኝ። በፈጣኑ መንገድ በአንድ ሰዓት ያህል ጉዞ ቃሊቲ መናኸሪያ ደረስን። የማርፈው ላንቻ፣ የድሮ ተማሪዬ ከድር ቤት ነው። ከድር የስልጤ ልጅ ነው፤ አባቱ ጎባ ወፍጮ ቤት ነበራቸው። አሁን ላንቻ የደብተርና የእስክሪብቶ ሱቅ አለው። «ወደ ለገሃር የሚሄድ ሚኒባስ ይያዙና ላንቻ ይውረዱ» ብሎኛል፤ ቀላል ነው። ያዝኩ። እኛ ዘንድ ከባጃጅ ለመውረድ የሹፌሩን ትከሻ ነካ ማድረግ ይበቃል። እዚህ ሹፌሩ ሩቅ፣ ሙዚቃው ከፍተኛ። ላንቻን በታፔላው አውቄ «ይቅርታ፣ እዚህ ጋ ብትጥሉኝ» አልኩ፤ የሰማኝ የለም። ሁለተኛ ስል ላንቻ ከኋላችን ቀረ። ረዳቱ ለገሃር ሲያወርደኝ አዘነልኝ።

«ፋዘር፣ ‹ወራጅ አለ› ነው እኮ የሚባለው! በቃ፣ ጮክ ነው!»

የድሮው ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ቦርሳዬን ታቅፌ ቆምኩ። የሰዉ ብዛት የእኛን የጥምቀት ማግስት ገበያ ያህላል፤ ልዩነቱ እዚህ ማንም ማንንም ሰላም አይልም። ከድር ደውዬለት በሩብ ሰዓት ደረሰ፤ ጸጉሩ መሸበት ጀምሯል።

«ቲቸር! ለገሃር ምን ያደርጋሉ? ላንቻ አላልኩዎትም?»

«ደደብ ስለሆንኩ ነው» አልኩት።

ይስቃል ብዬ ነበር። አልሳቀም፤ ቦርሳዬን ተቀብሎኝ ቀድሞኝ መንገድ ጀመረ።

ሚስቱ ዘይነባ ሽሮና ጎመን አቅርባ ጠበቀችን፤ ቆጮም ነበረ። እነሱ ሙስሊም፣ እኔ ክርስቲያን ነኝና የሥጋው ነገር እንዳያሳስበኝ ገና ሳልቀመጥ «ድስቱ አዲስ ነው ጋሼ፣ ሥጋ አልነካውም፣ ዛሬ ነው የገዛሁት» አለችኝ። ጎባም እንዲህ ነው የምንኖረው፤ ለእንግዳ ብሎ ድስት የገዛ ሰው ግን አላውቅም። የሚያድሩበት ክፍል ሁለት ነው፤ አንዱን ለቀውልኝ ልጆቻቸውን ወደ እነሱ ወሰዱ። ከባሌ የመጣ ሰው ብርድ ይፈራል ብለው ሦስት ብርድ ልብስ ደረቡልኝ። አዲስ አበባ ለእኔ ሞቃት አገር ነው። ቅር እንዳይላቸው ብዬ ሦስቱንም ለብሼ በላብ ተዘፍቄ ነቃሁ።

ዓርብ

ጠዋት ለካዛንቺስ በእግሬ ወጣሁ። ከላንቻ ወደ መስቀል አደባባይ፣ ከዚያ በእስጢፋኖስ ሽቅብ ባምቢስን አልፌ። ጉልበቴ አሞኝ አነከስኩ። ባምቢስ ጋ ቆሜ የሱቅ መስታወት የማይ መስዬ አሳረፍኩት።

የእህቴን ቤት ዐይኔን ጨፍኜ አገኘው ነበር። ከዋናው መንገድ ገብቶ፣ በዳቦ ቤቱ ታጥፎ፣ ሰባት አባወራ በአንድ ቧንቧ የሚቀዳበት ግቢ ነው፤ በሩ አረንጓዴ ቆርቆሮ። አሁን ዳቦ ቤቱም መታጠፊያውም የለም። ሰፊ መንገድ፣ የብስክሌት መሥመር፣ ሣር፣ ረጃጅም መብራት፣ አግዳሚ ወንበር። ያማረ ነው፤ አልዋሽም። የጂኦግራፊ አስተማሪ ሆኜ የቆምኩበትን ቦታ ማወቅ አልቻልኩም። አንድ የቆመ የስልክ እንጨትና አንድ የድሮ ሕንፃ አስተያይቼ ቧንቧው እዚህ ጋ ነበረ ማለት ነው ብዬ አንዱ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ወንበሩ እንኳ ይመቻል። እህቴ ልብስ የምታሰጣበት ቦታ ይመስለኛል የተቀመጥኩት። እዚያ ሆና ነው ለካ በስልክ «እማዬ ምን አለች?» ስትለኝ የነበረው፤ ጣሪያዋ እየተነቀለ።

ወዴት እንደሄደች የሚነግረኝ ፍለጋ ወደ ኡራኤል ቤተ ክርስቲያን ወረድኩ። በሩ ላይ ጧፍ የሚሸጡ አንዲት አሮጊት ቀና ብለው አዩኝ፤ ዐይናቸውን አጠበቡ።

«አንተ የጥሩወርቅ ወንድም አይደለህም? አስተማሪው። ለልጇ ክርስትና መጥተህ አይቼሃለሁ፤ ትርንጎ ነኝ፣ ከቧንቧው አጠገብ።»

«እማማ ትርንጎ» ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። ጥሩወርቅ የት እንዳለች ስጠይቃቸው ጧፎቹን ማስተካከል ጀመሩ።

«ልጄ፣ እኔ ነኝ» አሉ።

«ምኑ?»

«እግዜር ያጥናሽ ያልኳት እኔ ነኝ። ከጎባ የመጣ ሰው ቤተ ክርስቲያን አግኝቶኝ የእናታችሁን ነገር ነገረኝ። እሷ ሳትሰማ ትቀራለች ብዬ በምን ልጠርጥር? ፍራሿን መኪና ላይ ስትጭን አገኘኋትና አልኳት። ‹በምን?› አለችኝ። ‹በእናትሽ ነዋ› አልኳት። እዚያው አስፋልቱ ላይ...» ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። «ደረቷን ስትመታ እጇን የያዝኳት እኔው ነኝ። በነገርኩበት አፍ ‹በቃሽ› አልኳት።»

ዓመት ሙሉ ይህችን ሴት ስረግማት ነበር። መልኳን ሳላውቅ፣ ወሬኛ፣ ምላሷ ረጅም፣ ሆን ብላ ያደረገችው እያልኩ። አሁን ፊቴ ያሉት ጥርሳቸው የረገፈ አሮጊት ናቸው፤ ምሽት ላይ ሁለት ሚኒባስ ተሳፍረው ዳር አገር ወደ ተሰጣቸው ቤት የሚመለሱ፣ ጧፍ የሚገዛቸው ግን እዚህ ስለሆነ በየጠዋቱ የሚመጡ። «እማማ፣ እርስዎ ምን አጠፉ? ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እርስዎማ የሰማች መስሎዎት፣ አዝነውላት ነው» አልኳቸው። ይህን ስላቸው ድምፄ የመርዶ ድምፄ ሆነ፤ ለስላሳና እውነተኛ። እንዲያ የሳተው ሰው እኔ ብሆን ኖሮ ግን ለራሴ እንዲህ አልልም ነበር። ይህ ነገር መንገድ ላይ አብሮኝ ሲሄድ ቆየ።

ጥሩወርቅ እሷም ዳር አገር ኮንዶሚኒየም ገብታለች። «ግን እሑድ ትመጣለች» አሉኝ እማማ ትርንጎ። «ሙት ዓመቱን እዚሁ ከቅዳሴ በኋላ ነው የምታወጣው። ቤታችን ነው እንጂ የፈረሰው እድራችን አልፈረሰም፤ ሁላችንም ካለንበት እንመጣለን።»

ቅዳሜ

ዝናብ። ከሱቁ ጀርባ ተቀምጬ ከድርን ደብተር በመቁጠር ላግዘው ሞከርኩ። ዘይነባ ሻይ ሰጠችኝ። ብርጭቆውን ሳስቀምጥ ጫፉ አዳለጠኝና ሻዩ በአንድ እስር ደብተር ላይ ፈሰሰ።

«አንተ ከብት! አንተ የማትረባ ሽማግሌ! የነካኸው ሁሉ...»

ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሯል። ዘይነባ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች።

«ማንን ነው ጋሼ የሚሳደቡት?»

«ኧረ ራሴን ነው።»

«እሱማ እንግዳዬ ነው» አለች። ፊቷ ላይ ቀልድ የለም። «ድስት ገዝቼ የተቀበልኩት እንግዳዬ ነው። በቤቴ እንግዳዬን አይስደቡብኝ።»

ጨርቅ አምጥታ ሻዩን ጠራርጋ ሄደች። ከድር ደብተሮቹን አንድ በአንድ እየገለጠ ማድረቅ ጀመረ።

«ቲቸር፣ ባንዲራ ስንሰቅል ጠዋት ጠዋት የሚያስጮሁን ትዝ ይልዎታል? ‹እኔ እችላለሁ! እኔ ከማንም አላንስም!›»

እንዴት አይለኝ፤ እኔ ነኝ ያመጣሁት። ባሌ ሙሉ የተነገረለት ሰልፍ ነበር።

«ደስ ይለኝ ነበር» አለ። «እውነቴን ነው፣ ደረቴ ይነፋ ነበር። ከዚያ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ወደቅሁ። ማለቴ፣ ዝም ብሎ መውደቅ አይደለም፣ በቃ የመጨረሻው መጨረሻ። ሦስት ቀን አባቴ ወፍጮ ቤት፣ ከጆንያው ኋላ ተደብቄ ዋልኩ። መንገድ ላይ አገኙኝና ምን እንዳሉኝ ያስታውሳሉ?»

አላስታውስም።

«‹ከድር፣ አንተ ከዚህ በላይ ነህ!› አሉኝ። ለማበረታታት ነው፣ አውቃለሁ። እኔ ግን ከዚህ በላይ አልነበርኩማ፤ ይኸው ወድቄ። ከማንም አላንስም እያልኩ ስጮህ ከርሜ ከሁሉም ሳንስ ምን እንደምል አላስተማሩኝም።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። የረጠበውን ደብተር ጫፍ በእጅጌዬ ጠረግሁ።

«በሦስተኛው ቀን አባቴ ከጆንያው ኋላ መጣ። ይገርፈኛል ብዬ ተኮማተርኩ። ‹በላህ?› አለኝ። ሌላ ቃል የለም። ‹በላህ?› ብቻ። አልበላሁም አልኩት። አብረን በላን።» ደብተሩን ዘጋው። «አሁን ንግድ ሲበላሽብኝ፣ ስሳሳት፣ በቃ ለራሴ ‹አንደኛ ነህ› አልልም። ‹ከድር፣ በላህ?› እለዋለሁ። ዘይነባ ትስቅብኛለች።»

ከዚያ ያለ ልማዱ አንገቱን ደፍቶ «ቲቸር፣ ከጎባ ከተነሡ ጀምሮ በልተዋል?» አለኝ። በልቼ ነበር፤ አሰላም፣ እዚህም። እሱ የጠየቀኝ ግን የምግቡን እንዳልሆነ ሁለታችንም አውቀናል። እንባዬ መጣ፤ ፊቴን ወደ ዝናቡ አዞርኩ።

እሑድ

ኡራኤል ቅዳሴው እንዳለቀ ከዛፉ ሥር ሃያ የሚሆኑ ሰዎች በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጠዋል። ዳቦና ቆሎ፣ በጆግ ጠላ። ያ የሰባት አባወራ ግቢ እዚህ ቁጭ ብሏል፤ አጥሩ ብቻ ነው የጎደለው። ጥሩወርቅ መሀል ላይ ናት። ከስታለች። ዓመት ሙሉ ያልወለቀ ጥቁር ልብሷ አመድማ መስሏል። ጠጉሯ ላይ ሽበት አየሁ፤ የስምንት ዓመት ታናሼ ናት፣ አዝዬ ያሳደግኳት።

ምን እንደምላት አዘጋጅቼ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሰው ያስለቀስኩበትና ያጽናናሁበት ምላስ ነው፤ «ጥሩዬ፣ በደልኩሽ፣ ይኸው ከእግርሽ ሥር ነኝ» ልል ነበር። አየችኝ። ፊቷን አዞረች። ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋኝ።

«ጥሩዬ፣ እማዬ እኮ ሞተች» አልኩ።

ይህን ብቻ ነው ያልኩት፤ ዓመት ያለፈው መርዶ። እናቴን ስቀብር አላለቀስኩም፤ ድንኳኑን የማስተዳድር፣ እንግዳ የምቀበል እኔ ነበርኩ። አሁን እንደ ሕፃን ጮህኩ። ደረቴን መታሁ። «ዋሽቼሽ! በእናቴ አፍ ዋሽቼሽ!» እያልኩ መታሁ፤ በቡጢ፣ ትንፋሼ እስኪቆራረጥ። ሰዉ አያውቀኝምና ደንግጦ ቆመ። እጄን የሚይዝ ሰው ሳላዘጋጅ መርዶ የተናገርኩት ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። እማማ ትርንጎ በዚያ እግራቸው እስኪደርሱ ስንቴ እንደመታሁ አላውቅም።

እጄ ተያዘ። አጥብቆ ነው የያዘኝ፣ ያማል። ቀና ስል ጥሩወርቅ ናት።

«ተው» አለችኝ። «ተው ወንድምጋሼ። ያን ደረት አትምታ።»

«ይገባኛል! ልቀቂኝ!»

«እማዬ እሱ ላይ ተደግፋ ነው የሞተችው አሉኝ። አትምታብኝ።»

ያን ጊዜ ነው የተላቀስነው። አንገቷን ይዤ፣ አንገቴን ይዛ፤ እማማ ትርንጎ ሁለታችንንም ከላይ ታቅፈው «በቃችሁ፣ በቃችሁ» እያሉ። ለእማማ ትርንጎ «በቃዎት» የሚላቸው አልነበረም፤ ኋላ ጥሩወርቅ እጃቸውን ስማ «በቃዎት» አለቻቸው።

ሲረጋጋ ከሌሎቹ ራቅ ብለን ተቀመጥን። ታርቀናል ብላችሁ እንዳታስቡ።

«ምርቃቶቹ» አለችኝ። «ከየትኛው ጀምሮ ነው ያንተ?»

«‹ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ› ካልኩሽ ጀምሮ።»

«ረጃጅሞቹ በሙሉ ያንተ ናቸው ማለት ነው። ማወቅ ነበረብኝ። እማዬ መቼ እንደዚያ አርዝማ መርቃ ታውቃለች? ‹እደጊ› ብላ እኮ ነው ስልኩን የምትዘጋው።»

ሳቋ መጣና መሀል ላይ ለቅሶ ሆነ።

«ሁለት ወር ሙሉ እሷ አፈር ውስጥ ሆና እኔ ቤቴ ሊፈርስ ነው ብዬ ላንተ አለቅስ ነበር። ‹እማዬ እንዳይሰማት› እልህ ነበር። ታስታውሳለህ? እንዳይሰማት!» ዐይኗን ጠረገች። «ይቅር ብዬሃለሁ አልልህም። ዛሬ ከሆዴ አይወጣም። ውሸት በቅቶናል።»

«እሺ» አልኳት።

ቅባቱን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋት። ካርቶኑን አገላብጣ አየችው፤ አለመከፈቱን አየች። ጭኔ ላይ መልሳ አስቀመጠችው።

«እኔ ምን ላድርገው? ከበሩ ስትገባ አይቼሃለሁ፣ እያነከስክ ነው። ተቀባው።»

«የእማዬ ነው እኮ።»

«እማዬን አሁን ጉልበቷን አያማትም» አለችኝ። ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች። «ሲያልቅ ንገረኝ።»

ቤቷን አላሳየችኝም፤ ና አብረን እንሂድም አላለችኝም። እስከ ሚኒባሱ ሸኘኋት። ከመስኮቱ አላየችኝም፤ መኪናው ሲታጠፍ ግን እጇን መስታወቱ ላይ አየሁት። ለእኔ ይሁን ወይም ለመደገፍ አላውቅም።

ሰኞ

ዘይነባ ዳቦ ቆርሳ፣ እንቁላል ቀቅላ ቋጠረችልኝ። ከድር እስከ ቃሊቲ ሸኘኝ። ቅባቱ ጊዜው እንዳላለፈ ካርቶኑ ላይ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አንብቦልኛል። አሰላ ስንቆም ባርኔጣዬን የመለሱልኝ ሴትዮ አወቁኝ፤ «ከነባርኔጣዎ ተመለሱ?» አሉኝ። ተመለስኩ አልኳቸው። ድንሾ ላይ ጉም ነበር፤ ኒያላዎቹን አላየኋቸውም።

ቅባቱን ወዲያው አልከፈትኩትም። ሦስት ቀን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ አየኝ። በአራተኛው ጠዋት ከአልጋዬ ስነሣ ጉልበቴ ከዳኝ፤ «አንተ ከብት» ሊል አፌ ተከፈተ። ዘይነባ በሩ ላይ የቆመች መሰለኝና ዘጋሁት። ተቀምጬ ሱሪዬን ጠቅልዬ ቀባሁት። ልጅ ሳለሁ የእናቴን ጉልበት በቅቤ አሽላት ነበር፤ «ቀስ፣ ቀስ» ትለኝ ነበር። በዚያው ልክ ቀስ ብዬ አሸሁት። የእሷን ጉልበት የማሸው ያህል እጄ ሲለሰልስ አለቀስኩ፤ ደረቴን ግን አልመታሁም።

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ከሰልፍ በፊት እቀባለሁ። ቅባቱ ከግማሽ በታች ሆኗል። ሲያልቅ እደውላለሁ። አንዳንድ ቀን ቶሎ እንዲያልቅልኝ ብዬ ጨምቄ ላበዛው ይቃጣኛል፤ ከዚያ እተወዋለሁ። ለጥሩወርቅ «አለቀ» ስላት እውነት እንዲሆን እፈልጋለሁ።